የዋስ ነጥብ

ጥቅምት 12 ቀን 2006

ብርድ። ጠዋት ጉሙ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ወርዶ ነበር። አራተኛ «ለ» ክፍል ግማሹ ልጅ ይስላል፣ ግማሹ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ይጽፋል... ማለቴ አይጽፍም።

ስመለስ አቶ ቻላቸው መደብር ጎራ አልኩ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ለባሌ ለቄሴ ካልሲ። በካርዱ። ይህቺ ቢጫ ካርድ ከመጣች ወዲህ ደመወዝ እስኪወጣ መጨነቅ ቀረልኝ። በዱቤ ትወስጃለሽ፣ በቀኑ ከከፈልሽ ነጥብ ይያዝልሻል፣ ነጥቡ የበዛለት ቤተሰብ ለገና ይሸለማል። ሽልማቱ በሩ ላይ ተገትሯል፤ ባለ መስታወት ቁምሳጥን። ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሄዳል። ልብሴን በካርቶን አድርጌ ስንት ዓመት ኖርኩ!

ሒሳብ የምትይዘው እየሩስ ነጥቤን አየችና «እትዬ መስከረም፣ እርስዎማ ወስደውታል» አለችኝ። ከደንበኛው ሁሉ በላይ ነኝ አሉ። እኔ? በዘይትና በሳሙና?

ደስ ብሎኝ ነው ቤት የገባሁት። ለቄሴ አልነገርኩትም። ሰሞነኛ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያድረው።

ጥቅምት 14

ሳስበው አልገጠመልኝም። ሆቴል ያላቸው ሰዎች አሉ፣ ዱቄት በኩንታል የሚወስዱ። እኔ ከነሱ እንዴት በለጥኩ? ተሳስተው ቢሆንስ? ኋላ «መምህርቷ አጭበረበረች» ቢባልስ? የቄስ ሚስት ነኝ። በእኛ ቤት ወሬ ከገባ ቶሎ አይወጣም።

ቅዳሜ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ምነው ባልጠየቅኩ።

እየሩስ ሳቀችብኝ። «የዋስ ነጥብ ነው እኮ!» አለች። ደመወዝ የሌለው ሰው ካርድ ሲወስድ ዋስ ይጠራል። ያ ሰው በከፈለ ቁጥር ለዋሱም ነጥብ ይገባለታል። የባልና የሚስት ነጥብ ደግሞ አንድ ላይ ነው የሚደመረው። «አባ ለነፍስ ልጆቻቸው ዋስ ሆነው የለም እንዴ? አቶ ቻላቸውማ ከቤት ካርታ የቄስ ዋስ ይሻለኛል ነው የሚለው። የነፍስ አባቱን የሚያሳፍር ሰው የለም ብሎ።»

እጄ ዘንቢሉ ላይ ደረቀ።

ካህን ዋስ አይሆንም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበር፣ ዳባት እያለን ለወንድሙ የበሬ ግዢ ዋስ የሆነ አንድ ቄስ ጉዳይ ሲታይ ቤታችን ውስጥ ሰምቻለሁ። ከመቅደስ ተከለከለ። ሴት ልጁ ስጦታ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትማር ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር መጫወት ተወች።

ቄሴም ያውቃል። ከእኔ በላይ ያውቃል። ታዲያ ለምን?

ጥቅምት 18

ሰሞኑን ጨርሶ ቤት ገባ። ደክሞታል፣ ከሲታ ሆኗል። ጉልበቱን በቅባት አሸሁለት። ልጠይቀው ብዬ አፌን ከፈትኩና ስለ ድንች ዋጋ አወራሁ።

ጥቅምት 19

ጠየቅኩት።

«ዋስትና አይደለም፣ ምስክርነት ነው» አለ። መጀመሪያ የፈረመለት ያርጋል ነው። ከድብ ባሕር መንደር በላይ ያለው፣ በቅሎ የሚያከራየው። ክረምቱን ቤቱ ሲያፈስ ልጆቹ ታመሙበት። ቆርቆሮ በካርድ ሊወስድ ፈልጎ መስቀል ተሳልሞ «አባ፣ ስምዎን ብቻ» አለው። እምቢ ልበለው እንዴ፣ አለኝ። ያርጋል ቤቱን ሲከድን ሌሎቹ ሰሙ። ለአንዱ አድርጎ ሌላውን መመለስ አልቻለም።

«ያርጋል ባይከፍል ማን ነው የሚጠየቀው?» አልኩት።

«ይከፍላል።»

«ባይከፍልስ?»

ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ተናደድኩ። እናደዳለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ? የሰው ጣሪያ ሲከድን የራሱን አፈሰሰው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ቅዳሴ ላይ ነበርኩ። የቄሴ ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ ይመጣል። የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ገነት ወደ ሴቶቹ በኩል ዞር ባሉ ቁጥር እኔን የሚያዩኝ ይመስለኛል። ያውቁ ይሆን? ማን ነግሯቸው? ካርዱ የገባበት ቤት ሁሉ ያውቃል እኮ። ያልታወቀው ሕዝቡ ነገሩ ነውር መሆኑን ስለማያውቅ ብቻ ነው። ለሕዝቡ ደግ አባት ነው። ለካህናቱ ግን...

ጸሎቱ ልቤ አልገባ አለ። ስንት ጊዜ አማተብኩ።

ኅዳር 2

አንድ ዘዴ መጣልኝ። ነጥብ በዕቃ ይመነዘራል። መንዝሬ መንዝሬ ከፉክክሩ ብወጣ ማን ስማችንን ያነሳዋል?

ሄድኩና ሳሙና፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ጨው አነሳሁ። እየሩስ «ቁምሳጥኑን ትተው ክብሪት?» አለችኝ። ቢቸግረኝ ነው ልላት ነበር። ለትምህርት ቤት ነው አልኳት።

ኅዳር 9

እንደገና ሳሙና። አልጋ ሥር ሞላ። ቄሴ አይቶ «ልንነግድ ነው?» አለ። ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ፣ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ነጥቡ ግን አይጎድልም። የነፍስ ልጆቹ ለጾሙ ዘይትና ምስር እየወሰዱ፣ እየከፈሉ... እኔ ስቀዳ እነሱ ይሞላሉ። ታማኝ ናቸው። ታማኝነታቸው አስፈራኝ ብል ማን ያምነኛል?

ኅዳር 17

አቶ ቻላቸው ራሱ ጠራኝ። ወንበር አቀረበ፣ ለስላሳ አስከፈተ። ለገና ዋዜማ ገበያ፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 26፣ መደብሩ በር ላይ ሞንታርቦ ይተከላል። የዓመቱ ታማኝ ቤተሰብ በማይክ ይጠራል። «እናንተ ናችሁ» አለ። «አባ ለስንት ሰው ዋስ እንደሆኑ፣ አንዱም እንዳላሳፈራቸው እናገራለሁ። አገር ይማርበት።»

አገር ይማርበት!

አይሆንም አልኩት። ስማችን ባይጠራ ደስ ይለናል፣ ለሌላ ይሰጥ፣ እኛ ቤት ቁምሳጥን ማስቀመጫ የለንም... ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ባልኩ ቁጥር ፊቱ ይበራል። «ይኸው፣ የካህን ቤት ትሕትና!» አለ። ይህንንም በማይክ እናገራለሁ አለኝ።

እውነቱን ልነግረው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነጋዴ ነው፣ መደብሩ ቀኑን ሙሉ ሰው ይወጣበታል ይገባበታል። ፈራሁ። ለስላሳውን እንኳ አልጨረስኩትም።

ኅዳር 18

ለቄሴ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሄዶ ስሙን ከዋስነት እንዲያወጡ ሊጠይቅ ነው።

ኅዳር 20

ጠየቀ። ሌላ ዋስ ካልተተካ የነፍስ ልጆቹ ካርድ ይዘጋል አሉት። ለጾም የሚወስዱት ሁሉ ይቆማል። ጤናዬ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ የነፍስ ልጁ ናት፣ ሰምታ መጣች። ደጃችን ላይ ቆማ «ምን በደልንዎ አባ? ካዱን እንዴ?» አለችው።

እንዴት ብሎ ያስረዳት? ሰበብ ፈጥሮ ሸኛት። ስሙን ከእሷ ካርድ አላወጣም። ከሌሎቹም አላወጣም።

ኅዳር 28

ያርጋል የለም።

የበቅሎዎቹን ገመድ ለጎረቤት አስረክቦ ወደ ሁመራ ወርዷል፣ ሰሊጥ አጨዳ። ሚስቱ ይመለሳል ትላለች፣ መቼ እንደሆነ አታውቅም። የመክፈያው ቀን አልፏል። ከመደብሩ አንድ ሰው መጣና በትሕትና፣ በጣም በትሕትና፣ «አባ ቢያስታውሱልን» ብሎ ሄደ።

ከደመወዜ እየቆረጥኩ እከፍላለሁ። እሱ አይደለም ያስፈራኝ። ያስፈራኝ ሰውዬው ደጃችን ሲቆም የመልአከ ገነት እኅት ውሃ ቀድታ ስታልፍ ማየቷ ነው። ቆም ብላ ሰላም አለችን። ምን ሰማች? ምንም? ወይስ...

ታኅሣሥ 9

እንቅልፍ የለም። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ረስቼ ደግሜ ጻፍኩት። ልጆቹ ሳቁ።

ታኅሣሥ 15

አሳቤ ይህ ነው፦ ታምሜያለሁ እልና ቅዳሜውን ጎንደር እንውረድ። ስንጠራ ካልተገኘን ለሌላ ይሰጥ ይሆናል። ቄሴ ግን «ስማችን እዚህ ይቀራል እኮ» አለኝ።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ቀደሰ። ቤት ሲገባ ፊቱን አየሁና የያዝኩት ከእጄ ወደቀ።

«መስኪ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ» አለ። «ጽዋውን ስይዝ። ዲያቆኑ አየ።»

ብርድ ነው አልኩት። ጾም ነው፣ ድካም ነው አልኩት። አይደለም አለ። ለመልአከ ገነት ሊነግራቸው ነው።

ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር። ማንም አልጠየቀህም፣ ማንም አልከሰሰህም፣ ቅዳሜ ትለፍ፣ ምናልባት ቻላቸው የዋሱን ነገር ይረሳዋል፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ትወጣለህ። ክህነትህን በገዛ እጅህ? ልጅ የለን፣ ርስት የለን፣ አንተ ያለህ እሱ ብቻ ነው አልኩት። ጨካኝ ንግግር ነው፣ አውቃለሁ።

«ቻላቸው በማይክ ከሚነግራቸው እኔ ብነግራቸው ይሻላል» አለ።

ታኅሣሥ 23

ሄደ። እኔ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ገብስ የጫኑ አህዮች አለፉ፣ የጃናሞራ ሰዎች ሰላም አሉኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ እንጃ።

ሲወጣ መልአከ ገነት አብረውት ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። አይናቸው ቀልቶ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ደስ ብሎኝ አይደለም» አሉኝ። ሥርዓት ነው። እስከ ትንሣኤ ከመቅደስ ይርቃል፣ እስከዚያ ከዋስነቱ ሁሉ ይወጣል፣ ከዚያ ጉዳዩ ለሀገረ ስብከቱ ይቀርባል። ይመለስ አይመለስ እሳቸውም አያውቁም።

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። አንድ የነፍስ ልጁ ሮጦ መጥቶ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ አለ። ቄሴ መስቀሉን ከኪሱ አላወጣም። ሰውየው ጎንበስ እንዳለ ቀረ፣ ኋላ ግራ ገብቶት ቀና አለ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ቢያንስ ሲጠሩን ሰውን ፊት ለፊት ልየው ብዬ።

ገበያው እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሞልቷል። ሞንታርቦው ይጮሃል። አቶ ቻላቸው ኮት ለብሶ ማይኩን ያዘ። የዓመቱ ታማኝ ቤተሰብ... አለና... የጠራው የአንድ ሆቴል ባለቤት ስም ነው።

ስማችን አልተነሳም። አንድ ቃል እንኳ። ዋስ የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም።

እየሩስን ፈልጌ አገኘኋት። እሷም አዝናለች። «እትዬ፣ እኔም ትናንት ማታ ነው የሰማሁት። ዋስ የሆኑለት ሰው ቀኑን ካሳለፈ የዋሱ ነጥብ በሙሉ ይሰረዛል። በያርጋል ምክንያት። አቶ ቻላቸውማ ይህን ማንሳት ነውር ነው፣ አባን እናሳፍራቸዋለን ብሎ ዝም አለ።»

ዝም ብንል ኖሮ...

ዝም ብንል ኖሮ ማንም አይሰማም ነበር። ያርጋል ባይጠፋ እንጠራ ነበር፣ ያርጋል ሲጠፋ ዳንን፣ እኛ ግን ከመዳናችን በፊት ሄደን ተናገርን። ገበያው መሀል ቆሜ ያለቀስኩት ለዚህ ነው። ሰው ቁምሳጥን ስላመለጣት ነው ብሎ ሳይስቅብኝ አልቀረም።

ለቄሴ ነገርኩት። ሁሉን። «ቢሆንም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ። ልጮህበት ፈለግኩ።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ዛሬ ስነቃ አጠገቤ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ እሑድ ጠዋት አልጋው ባዶ ነው፤ ወይ ሰሞነኛ ነው፣ ወይ ማኅሌት ሄዷል። ዛሬ ጣሪያውን እያየ ተኝቷል። ደወሉ ሲደወል እግሩ ከብርድ ልብሱ ሥር ሊነሳ አለ፣ ከዚያ ተወው።

«አንቀርም አይደል?» አልኩት።

«ለምን እንቀራለን?» አለ። ጥምጥሙን ሳያደርግ፣ ነጭ ጋቢ ብቻ ለብሶ ወጣ። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁ። ጉም ነበር፣ ሰው ሰውን አይለይም። ለዚህ ጉም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ቅጥሩ ውስጥ ስንገባ ቀጥ ብሎ ወደ ቤተልሔሙ፣ ካህናቱ ወደሚገቡበት፣ መሄድ ጀመረ። ልጠራው ስል ራሱ ቆመ። ዞር አለና ወደኔ መጣ። ይህን ያህል ዘመን ከመጋረጃው ውስጥ ኖሮ ከውጭ ምንም አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ እንግዳ ሰው፣

«መስኪ... ሕዝቡ የት ነው የሚቆመው?» አለኝ።

ከእነዚህ ወራት ፍርሃት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በጣቴ የወንዶቹን በር አሳየሁት። ጫማውን አውልቆ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እኔም ወደ ሴቶቹ በኩል ሄድኩ።

ዛሬ ፍርሃቱ የለም። የነበረበት ቦታ ግን ያመኛል።