«መሣሪያ» ጊታር መሆኑን ለዘነጉት አስተርጓሚ

ለተከበሩ አቶ ሀብተወልድ፣
በከተማችን የጣሊያን ጽሕፈት ቤት ዋና አስተርጓሚ፣
ወልቂጤ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉሮሮዎስ? ሁለት ሕዝብ የሚነጋገርበትን ጉሮሮ ጉንፋን እንዳይነካው ዘወትር እጸልያለሁ። ቀድሞ በየሰርጉ እኔ ጊታር ስመታ እርስዎ ሲዘፍኑ «አንተ» እልዎት ስለነበረ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ያኔ ክብርዎ አልታየኝም ነበር።

ይህን ደብዳቤ በገበያው መግቢያ የለጠፍሁት ቤትዎ መጥቼ ስላጣሁዎት ነው። ባለቤትዎ ወይዘሮ ወለተ ሐና «የሉም» ሲሉኝ፣ ከጓዳ ያስል የነበረው እንግዳ ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ተመለስሁ። ጉዳዬ ግን አንድ ነው፤ የቡታጅራው ነጋዴ ሳኒ ምንም ሳያጠፋ ታስሯል፤ ያሳሰሩትም እርስዎ ነዎት። ያላወቀ ሁሉ እንዲያውቅ ነገሩን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ክሩን በለስላሳ ብረት እያንሸራተትሁ የምጫወተው ጊታር እንዳለኝ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ድምፁ በራዲዮ እንዲጎላ ማግኔትና ቀጭን ሽቦ ስገጥምለት፣ አሮጌውን ራዲዮ ያመጡልኝ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ሞተርም መብራት ያስፈቀዱልኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ውለታ አሁንም አመሰግናለሁ። ከመብራቱ ጋር የመጣውን ጉምጉምታም አብረን ሰምተናል። ሞተሩ ሲነሣ ጊታሩ ማንም ሳይነካው ያጉረመርማል። ፊቴን ወደ በሩ ሳዞር ይቀንሳል፤ ግን ለሙሽሮች ጀርባዬን ሰጥቼ አልጫወትም። በቆርቆሮ ሸፈንሁት፤ ከቆርቆሮውም ሽቦ አውጥቼ በእንሰቱ ሥር እርጥብ መሬት ውስጥ ቀበርሁ። ረገብ አለ እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻ፣ ሁለተኛ ጥቅል ሽቦ በተገለበጠ ማግኔት ላይ በተቃራኒው አዙሬ ከመጀመሪያው ጋር ባገናኘው፣ ጉምጉምታ ጉምጉምታን አጥፍቶ ዜማው ብቻ እንደሚቀር ገባኝ። ሽቦውን ሳኒ ከቡታጅራ ሊያመጣልኝ ቃል ሰጠኝ። ይህን ሁሉ ቤቴ ተቀምጠው ሰምተዋል።

፪ኛ፤ እስከዚያው በጣሪያዬ ላይ የሚያልፈው የመብራት መስመር ራቅ እንዲልልኝ ለማመልከት ጣሊያናዊው አለቃዎ ፊት ቀረብሁ። ያልሁት ይህን ነው፤ «በመሣሪያዬ ውስጥ ጉምጉምታ አለ። ምንጩ የእናንተ ሞተር ነው። ሳኒ ሽቦውን ሲያመጣልኝ ጨርሼ አጠፋዋለሁ።» እርስዎም ተረጎሙ። አለቃው ከወንበሩ ተነሣ። ከአፍዎ «አርማ» የሚል ቃል ሰማሁ፤ እኔም በግቢው ምሰሶ ላይ ስላለው የባንዲራ አርማ የምትነጋገሩ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ለካ በጣሊያንኛ የጦር መሣሪያ ማለት ኖሯል! በአንድ ትንፋሽ ጊታሬን ጠመንጃ፣ የሽቦውን ድምፅ የሕዝብ ማጉረምረም፣ ሳኒን ደግሞ ለሽፍታ መሣሪያ አቀባይ አደረጉልኝ። ወታደሮቹ ቤቴን በርብረው ጊታር ብቻ ቢያገኙ፣ «ጠመንጃው እሱ ዘንድ ነው» ብለው ሳኒን ከገበያችን መሐል አስረው ወሰዱት። እኔን ሽማግሌ ነው ብለው ተዉኝ። የእርስዎ ምልጃ ከሆነ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አልለመንሁዎትም።

፫ኛ፤ ቃል መሳሳትዎን እንኳ እችለው ነበር። ወታደሮቹ ጊታሩን ተሸክመው ሲመለሱ ግን እርስዎ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩት። ስንት ሰርግ የዘፈኑበትን ጊታር አልለየሁትም ሊሉኝ ነው? በዚያች ሰዓት «ተሳስቻለሁ» ቢሉ ሳኒ በዚያው ቀን ይፈታ ነበር። አስተርጓሚው ተሳሳተ እንዳይባል ዝም አሉ። አፍዎን ለደመወዝ መስጠትዎን አውቃለሁ፤ ዝምታዎንም ጨምረው መስጠትዎን ግን አልጠረጠርሁም።

የሳኒ ሚስት ሰፍያ ስንቅ ልታቀብለው ከቡታጅራ በእግሯ መጥታ፣ በአጥሬ በኩል ቆማ፣ «አባባ፣ ጊታርዎ ዝም እንዲል የኔ ሰው ይታሰር?» አለችኝ። ሰላምታዋን እንኳ ነፈገችኝ። መልሱ የእርስዎ ስለሆነ ጥያቄውን እነሆ አስተላልፌያለሁ።

ጊታሩን አልጠይቅም፤ ለእናንተው ይሁን። የምጠይቀው ሳኒን ነው። እስከ መጪው ገበያ ካልተፈታ፣ ጋቢዬንና ስንቄን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ እቀመጣለሁ፤ መሣሪያው የእኔ ነው፣ እኔን አስገቡና እሱን አስወጡ እላለሁ። አልነሣም። ጠባዬን ያውቁታል።

ሞተሩ ሳይጠፋ፣ አለቃዎ ሳይቆጣ፣ ሳልዎም ከጓዳ ሳይሰማ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ እያልሁ፣ ወዳጅዎ የነበርሁት፣

ገብረእግዚአብሔር
ወልቂጤ፣ ኅዳር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ አለቃው ፊት ያለ አስተርጓሚ ለመናገር ጣሊያንኛ ጀምሬያለሁ። «ኪታራ» ጊታር መሆኑን፣ «ኢኖቼንቴ» ንጹሕ ሰው መሆኑን አጥንቻለሁ። «አስተርጓሚው ዋሽቷል» የሚለው ግን እንዴት እንደሚባል የሚነግረኝ አጣሁ። እርስዎ ቋንቋውን አጣርተው ስለሚያውቁ፣ ጽፈው ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።