ስለሚጠናው ድንችና ደጅ ስለምትጠናው ገበሬ

ለክቡር የምግብና የዘር ደኅንነት ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
በስብሰባ ላይ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንዲት ቃል መልስ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ወገብዎን ከረዥም ስብሰባ፣ ዐይንዎን ከረዥም ሪፖርት ፈጣሪ እንዲጠብቅልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ደጅዎን ስጠና የኖርኩ ድንች አምራች ነኝ። የበርዎ ጥበቃ «ድንቿ መጣች» እያለ ስለሚያስገባኝ፣ እርስዎም በዚሁ ስም ቢያውቁኝ ቅር አልሰኝም።

ማሳዬ በሽታ እንዲቋቋም ተብሎ ዘረመሉ የተለወጠ ድንች ከሚሞከርበት የእርስዎ አጥር ጋር ይዋሰናል። ዝናብ በገባ በሳምንቱ ከሽቦው ወዲህ ያለው የእኔ ድንች ቅጠሉ ጠቁሮ ሲረግፍ፣ ከሽቦው ወዲያ ያለው የእርስዎ ድንች አንዲት ጠብታ መድኃኒት ሳይረጭበት አብቦ ይታያል። ይህን የመሰለ እይታ ያለ ፈቃድ ወረቀት እንድመለከት ስለፈቀዱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. የእኔን ድንች ለማትረፍ የልጆቼ አባት መርጫውን በጀርባው አዝሎ በየሳምንቱ ይረጫል። መድኃኒትነቱ ለድንቹ እንጂ ለእርሱ ስላልሆነ፣ የእጁ ቆዳ ተልጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ ዛሬ ከበሩ እስከ አልጋው ለመድረስ መሐል ላይ ቆሞ ያርፋል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ኬሚካል አጠገብ ቢደርስ ሕይወቱ እንደሚያሰጋው በግልጽ ነግሮናል። እኔ ልርጭ ስለው ደግሞ ገና አልሞትኩም ብሎ ከእጄ ይነጥቀኛል። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እርሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የመርጫውን ቱቦ እየጠገነ ነው። ክቡርነትዎ ጥናት ላይ መሆንዎን አውቃለሁ። እኔም ደጅ ጥናት ላይ ነኝ፤ ከሁለታችን ቀድሞ የሚጨርሰው ግን ባሌ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

2ኛ. ባለፈው ዓመት «የዘር ጉዳይን ይመለከታል» ብዬ ያስገባሁትን ማመልከቻ መዝገብ ቤትዎ ርእሱን ብቻ አንብቦ፣ በዘራቸው ምክንያት የተበደሉ ሰዎችን አቤቱታ ወደሚሰማ ቢሮ ስለመራልኝ አመሰግናለሁ። እዚያ ያገኘኋት ሠራተኛ እጅግ አዛኝ ነበረች። ውሃ አቀረበችልኝ፣ አይዞሽ እህቴ አለችኝ፣ የዘር ሐረጌን እስከ አያቴ ድረስ መዘገበች፤ የተበደለው ድንች መሆኑን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ቅጹ ላይ «የበዳይ ስም» የሚል ክፍት ቦታ ነበረው። እጄ እርስዎን ሊጽፍ ተነሥቶ በስንት ልመና እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

3ኛ. እባክዎን የዘር ሻጭ ጠበቃ አድርገው አይዩኝ። ከማሳዬ በታች የሚያርሰው ታላቅ ወንድሜ የእርስዎን ድንች በዐይኑ ማየት አይፈልግም። ከዘሩ ባለቤት ፈቃድ ካላገኘን የራሳችንን ዘር መልሰን መትከል እንከለከላለን፣ ከነባሩ ድንች ጋር ተደባልቆ የማንለየው ይሆናል፣ ልጆቻችን ሆድ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን የለም ይላል። የባልሽን ትንፋሽ ለመግዛት የልጆችሽን ጤና ትሸጫለሽ ወይ ብሎ ከጠየቀኝ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል። መልሱ እርስዎ ዘንድ ነው ብዬ ስለማምን ነው እግሬ እስኪቀጥን የተመላለስኩት። ጉዳት ካለው ጉዳት አለው ይበሉን፤ አጥሩን ይንቀሉት፤ እኔም ድንቹን ትቼ ሌላ እንጀራ እፈልጋለሁ። ከሌለውም የለውም ይበሉን። ሰባት ዓመት «በጥናት ላይ ነው» መባል ግን ሰው ይገድላል፣ ክቡር ሆይ፤ እያጋነንኩ አይደለም።

4ኛ. ተራዬን ስጠብቅ በመሥሪያ ቤትዎ ካፍቴሪያ ጥብስ በልቻለሁ፤ መልካም ነበር። ዘይቱ የተቀዳበት ጀሪካን ላይ፣ ከታች በኩል ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ ዘረመሉ ከተለወጠ አኩሪ አተር የተጨመቀ መሆኑ ተጽፏል። አስተናጋጇን ብጠይቃት ማንም አንብቦት እንደማያውቅ ነገረችኝ። እንድንበላው ተፈቅዶ እንዳንተክለው የተከለከለበትን ምሥጢር በሚመችዎ ጊዜ ቢያብራሩልኝ እማራለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። አዎ ወይም አይደለም የምትል አንዲት ቃል፣ ከነምክንያቷ፣ ዝናቡ ሳይገባ። ክፉም ቢሆን ልስማው።

ለውድ ጊዜዎ ከፍ ያለ ክብር እየሰጠሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ስብሰባዎ እንዲያጥርልዎ፣ ትንፋሽዎም እንዲረዝምልዎ እየተመኘሁ፣ ለሰባት ዓመት በበርዎ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ በማይናወጥ ትዕግሥት የተቀመጥኩት ታዛዥዎ፣

ድንቿ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሐሙስ ሠራተኞችዎ የሙከራውን ድንች ቆፍረው ማንም እንዳይበላው ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብሩ ሦስቱ በሽቦው ሥር ወደ እኔ ማሳ ተንከባለሉ። መመለስ ይገባኝ ነበር፤ ቀቅዬ በላኋቸው። ጥናትዎን ያዘገየው የሚቀምስ ሰው መጥፋት ከሆነ እነሆ እኔ አለሁ፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው፣ ደህና ነኝ፣ ጣዕሙም የድንች ጣዕም ነው። ልጆቼ ሽታው ጠርቷቸው ሳህን ይዘው ሲመጡ ግን ድስቱን ከደንኩባቸው። ፈራሁ። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ እናትየዋን ከመሬት በታች ሳይሆን ከመሬት በላይ ሳለች ይንገሯት።