በሩን ትተው ሾፌሩን ለገመገሙት ኃላፊ

መስከረም 2003 ዓ.ም.
ቢቸና

ለተከበሩ አቶ ሰማው፣ የመሥሪያ ቤቱ የንብረትና ስምሪት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጤናዎን መድኃኔ ዓለም ይጠብቅልዎ፤ ወንበርዎን ግን እርስዎ ራስዎ ከበቂ በላይ ስለሚጠብቁት እሱን በጸሎት አላደክመውም።

እኔ ገብረ ኪዳን፣ ባለፈው ሐምሌ ምጥ የጠናባት የአየሁሽ ባል ነኝ። አምቡላንሷ ሌላ ወላድ ይዛ ሄዳ ስለነበር፣ በእርስዎ ፈቃድ በአሮጌዋ ደብል ጋቢና ወደ ሞጣ ሆስፒታል ወስደናታል። ስለ ፈቃድዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የቀረውን ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። የዚያች መኪና በኤሌክትሪክ የሚወጣና የሚወርድ የመስኮት መስታወት የሾፌሩ በር ገርበብ ሲል የሚሠራ፣ ሲዘጋ ግን የሚሞት መሆኑን፣ በሮቹም ማንም ሳይነካቸው ቀጭ ብለው የሚቆለፉ መሆኑን ሾፌሩ አንዷለም ደጋግሞ አመልክቶዎታል። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚነሣና የሚወድቅ ነገር፣ ጣጣው ከማጠፊያው ዘንድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ በሚያልፉበት የጎማ ቱቦ ውስጥ መሆኑን ለመጠርጠር ቅኔ ቤት መዋል አያስፈልግም። እርስዎ ግን ፊውዝ አስቀየሩ፣ ቀጥለውም የመስታወቱን ሞተር አስቀየሩ፤ ያቺን ጎማ ገልጦ ማየት ብቻ ከክብርዎ በታች ሆነ።

ሁለተኛ፣ ስለ ግምገማዎ። አዲሱም ሞተር እምቢ ሲል፣ በሩን እንደማስፈታት ስብሰባ ጠሩ። ቀኑን ሙሉ ተገምግሞ አንዷለም የአመለካከት ችግር እንዳለበት ተደረሰበት፤ ምስኪኑም ሂሱን ውጦ ወጣ። መስታወቱ ግን ከግምገማው በኋላም አቋሙን አልለወጠም። የአገሬ ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል፤ እርስዎ አህያውንም ዳውላውንም ምረው ነጂውን መቱ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ንዴት ቃሌን ቢያሻክረው ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሞጣ ሆስፒታሉ ደጅ እንደደረስን እኔና አንዷለም ቃሬዛ ልንጠራ ወርደን፣ ዝናቡ እንዳይገባባት በሩን መለስ ስናደርገው አራቱም በሮች ተቆለፉ። የመኪናዋ ቁልፍ ከውስጥ ቀረ። ሚስቴ ከኋላ ወንበር ብቻዋን እያማጠች፣ ተነሥታ መክፈት አቅቷት፣ ከሆስፒታሉ ሮጣ የወጣችው አዋላጅ ከውጭ መስታወቱን እየደበደበች ቆመች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አንዷለም ድንጋይ አንሥቶ የሾፌሩን በር መስታወት ሰበረ፣ እጁን አስገብቶ ከፈተ፤ ልጄም ቃሬዛው ሳይደርስ እዚያው ወንበር ላይ ተወለደ። በማግስቱ የሞጣ መካኒክ ያቺን ጎማ ሲገልጣት ሽቦዎቹ ተልጠውና ተበጣጥሰው አየን፤ ለእርስዎም ተነገረዎ።

እርስዎም አንዷለምን ንብረት አውድመሃል ብለው ከሥራ አገዱት። የሁለት ነፍስ ዋጋ ከአንድ መስታወት እንደሚያንስ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ልመናዬ አንድ ነው፤ ሰውየውን ወደ መሪው ይመልሱት።

እስኪመልሱት ድረስ ደጅዎን መጥናት የማልተው፣ ዝም በል ቢሉኝም የማልሰማ፣ እጅግ አክባሪዎ፣

ገብረ ኪዳን

ድኅረ ጽሑፍ፦ መኪናዋ አዲስ መስታወት እንደገባላት፣ ሽቦዋ ግን ያው እንደሆነ ሰማሁ። የባለቤትዎም ወር እንደገባ ሰምቻለሁ፤ ማርያም በሽልም ታውጣቸው። በዚያችው መኪና የሚሄዱ ከሆነ ግን መስታወት የሚሰብርላቸው ሰው ከወዲሁ ያዘጋጁ፤ የምናውቀውን አንዱን አግደውታልና።