የናይሮቢው ሸክላ

እሑድ

ሦስቱም አቀፉኝ። ሦስቱም "ከስተሻል" አሉኝ። ከሦስቱ አንዱ ለቀበሌ አሳልፎ የሰጠኝ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ሦስቱንም መልሼ አቀፍኳቸው።

ከታሰርኩ ወዲህ ጋሽ ተክሌ ሰዓት ቤት ስሄድ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ከምሳ በኋላ የብረት መዝጊያው እስከ ግማሽ ይወርዳል፤ ጓዳ ውስጥ ሸክላ ማጫወቻው ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ሰው ሰሞኑን ምን ሰምቶ ምን እንደወደደ ይናገራል። ዳንኤል አንድ የሱዳን ካሴት ይዞ መጥቷል። ማርታ የህንድ ፊልም ዘፈኖች። ጋሽ ተክሌ ያንኑ የድሮ የማርሽ ባንድ ሸክላቸውን። እኔ "ምንም አልሰማሁም" አልኩ። እውነቴን ነው። ዘጠኝ ቀን ቀበሌው ምድር ቤት ውስጥ የሰማሁት የሰው ሳል ብቻ ነው፤ ሸክላዎቼንም ወስደዋቸዋል።

ሰማያዊው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። በየሳምንቱ ተራ በተራ ቤት እየወሰድን የወደድነውን ሸክላና ካሴት የምንጽፍበት ነው። አልነካሁትም። ኅዳር ላይ እዚያ ውስጥ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ "ይህን ሸክላ በሰማሁ ቁጥር የሰባት ስብሰባ ድካም ይወጣልኛል።" መርማሪው ቃል በቃል አነበበልኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ስብሰባ ያደክምሻል ማለት ነው?" አለኝ።

ዘጠኝ ቀን። ከዚያ ስንብት። ቸርችል ጎዳና ላይ አራት ዓመት በተርጓሚነት የሠራሁበት ቢሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሄደ።

ያንን ደብተር የምናየው አራት ሰዎች ብቻ ነን። አንዷ እኔ ነኝ።

ሰኞ

ሌላ ብልሃት አልመጣልኝም፦ ለሦስቱም በዓለም ላይ የሌለ ሸክላ አለኝ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው የተለየ። ለዳንኤል የኻርቱም ዑድ። ለማርታ የናይሮቢ ጊታር። ለጋሽ ተክሌ የጅቡቲ አኮርዲዮን። "ከፍተሻው የተረፈ ነው፣ ለማንም እንዳታወራ" እላለሁ። ቀበሌ የትኛውን ሸክላ እንደሚጠይቀኝ እጠብቃለሁ።

በዳንኤል ጀመርኩ። ባንክ ነው የሚሠራው፤ በአሥር ሰዓት ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ማኪያቶ ይጠጣል። ስለ ኻርቱሙ ዑድ በጆሮው ነገርኩት።

"እሱን ነው እንዴ?" አለ። "ሰምቼዋለሁ እኮ። ያውም ሁለቴ።"

"እንዴት አገኘኸው ታዲያ?"

"አንደኛው ገጽ ለፋራ ነው። ሁለተኛው ገጽ ይበልጣል።"

የኔም ማኪያቶ ትን አለኝ። እሱ ግን ቀጠለ። ዑዱ ከመሃል እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚገባ፣ ከበሮው እንዴት እንደሚጠብቀው በጣቱ ባንኮኒውን እየመታ አሳየኝ። በገዛ እጄ የፈጠርኩትን ሸክላ በደንብ አስረዳኝ። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አላፈረም። እንዲህ ዓይኑን ሳያሽ የሚዋሽ ሰው ሌላስ ምን ያቅተዋል?

ማክሰኞ

ማርታ አምስት ኪሎ መድኃኒት ቤት ናት። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ ዘጠኙንም ቀን ምግብ ያመላለሰችልኝ እሷ ናት። አንድ ቀን አላጓደለችም። የሌሎቹ እስረኞች ሳህን ከበር ይመለስ ነበር። የኔ ትኩሱን ይገባ ነበር። ያኔ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው ለምን ብዬ የጠየቅኩት።

ስለ ናይሮቢው ነገርኳት። "ዘፈን የለበትም?" አለች።

"ጊታር ብቻ።"

"ቤትሽ ነው ያለው?"

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አልወደድኩትም።

ስመለስ ጋሽ ተክሌ ዘንድ ገባሁ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው የሴት ሰዓት እየፈቱ ነበር። የጅቡቲውን አኮርዲዮን ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ፣

"መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አሉ።

"ቀይ።"

"ቀዳዳውስ? ትልቅ ነው ትንሽ?"

"ትልቅ መሰለኝ።"

"መሰለኝ?" ማጉያውን አወለቁ። "ልጄ፣ ይህን ሸክላ አንቺም አላየሽው። ማንን ልትይዢበት ነው?"

"ምንም አይደለም ጋሼ" ብዬ ወጣሁ። ወጥመዱን ያዩት ስለሚያውቁኝ ነው ወይስ የሚፈሩት ነገር ስላለ? ስለ ሽማግሌ ሰው እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ። ግን አሰብኩ።

ረቡዕ

ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ስኳሩ እኔ ዘንድ ሳይደርስ አለቀ። ሳሙና ግን አገኘሁ።

ተሰልፌ ሳለሁ ዳንኤል ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲወጣ አየሁት። እሱም አየኝና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ሐሳቡን ለውጦ መጣ። "መታወቂያ ላሳድስ ነበር" አለ፣ ሳልጠይቀው።

"አሳደስክ?"

"ፎቶ ረስቼ።"

ቤት ገብቼ እንዲህ ጻፍኩ፦

ዳንኤል፦ ይዋሻል። ከቀበሌ ይወጣል። ሳይጠየቅ ይመልሳል።
ጋሽ ተክሌ፦ ነቅተውብኛል።
ማርታ፦ ትኩስ ወጥ። "ቤትሽ ነው ያለው?"

ዳንኤል ነው። ዳንኤል ቢሆን ይሻለኛል።

ሐሙስ

ቀበሌ ጠሩኝ። ሥራዬ ላይ እንድመለስ መሥሪያ ቤቱ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ብሎኛል። ካመለከትኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ያነጋገረኝ መርማሪው አይደለም፤ ጸሐፊው ነው። ወጣት ነው፣ ጥፍሩ ንጹሕ። በሩን ሲዘጋው ያ ምድር ቤት ትዝ አለኝ። ቢሆንም ሳልባል ተቀመጥኩ።

"ደብዳቤሽ አልቋል" አለ። "የቀረው ማኅተም ነው።" ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ አሳየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ሸክላ አለሽ አሉ" አለ።

"ሸክላዎቼን እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁት፣ ጓድ።"

"የናይሮቢውን አልወሰድንም። ጊታር ብቻ ነው አሉኝ።"

"ለማን ነው የሚፈልጉት?"

"ለራሴ። ሙዚቃ እወዳለሁ። ሰው አንመስልሽም እኛ?"

"በካሴት ቀድቼ ላምጣ?"

"ይሁን። ሰኞ አምጪ። ማክሰኞ ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ።"

ማርታ ናት። እስከ ቤቴ ስሟን እየደጋገምኩ ሄድኩ። የሌለ ሸክላ እስከ ሰኞ ከየት እንደማመጣ ያሰብኩት በሬን ከከፈትኩ በኋላ ነው።

ዓርብ

በምሳ ሰዓት መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት። በእግራችን ወደ ፒያሳ፣ ከዚያ በቸርችል ቁልቁል ወረድን። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ቆምኩ።

"ደብተሩን ለማን ሰጠሽው?"

አልካደችም። "ለጸሐፊው" አለች። "መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ባንኮኒው ላይ አየው። ለመነኝ፣ ጽጌ። ምን መስማት እንዳለብኝ ልወቅ፣ ለአንድ ቀን ብቻ አለኝ።"

"የቀበሌ ሰው መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ደስ አለኝ እንዲያውም። እዚያም ቤት እንደኛ ያለ ሰው አለ ብዬ።"

"እና የኔን ቃል አነበበላቸው።"

"ጠረጴዛው ላይ ትቶት የቀበሌው ሊቀመንበር ነው ያየው። ምሎልኛል። ስትታሰሪ ሮጬ ሄድኩበት። ምግብሽን እንዲያስገባልኝ በየቀኑ አንድ ካሴት ቀድቼ እሰጠው ነበር። ዘጠኝ ካሴት። የናይሮቢውንም የነገርኩት ማኅተሙን እንዲያደርግልሽ ነው።"

ደብተሩ ከሊቀመንበሩ እጅ ገብቶ ከሆነ እንዴት በደህና ተመለሰ? ይህን ጠየቅኳት። እስከዚያች ደቂቃ ያላሰበችው መሆኑን ፊቷ ላይ አየሁ። ወይም ያየሁ መሰለኝ።

"ያስገባሽኝም ያበላሽኝም አንቺ ነሽ" አልኳትና አደባባዩ ላይ ትቻት ተሻገርኩ። አላለቀስኩም። አንዱ ታክሲ ነጂ ጡሩንባ ነፋብኝ፤ ሰደብኩት።

እሑድ

ሁሉንም ነገር በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ሦስቱም ሸክላዎች ውሸት ናቸው አልኩ። የዳንኤል ጆሮ ቀላ። ጋሽ ተክሌ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ሁለቴ ሰማሁት ያልክስ?" አልኩት።

"አልሰማሁም ማለት እንዴት ይከብዳል መሰለሽ" አለ ዳንኤል። ከኪሱ አዲሱን መታወቂያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፎቶው ላይ አፍጥጧል። እኔም አፈርኩ።

ማርታ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ማንም ተቀመጪ አላላትም።

ጋሽ ተክሌ ከሳጥን ሥር አንድ ሸክላ አወጡ። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ተልጧል፤ ጊታር ብቻ ነው። "የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ የናይሮቢ ነው።" ለመቅዳት ቴፑን አገናኘን። እንዴት ያምራል። አንደኛውን ገጽ ቀድተን ጨረስን። ካሴቱን ልንገለብጥ ስንል መብራት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ አልመጣም።

ዳንኤል ሻማ አስጠግቶ በዚያ ቆንጆ የእጅ ጽሑፉ የዜማዎቹን ስም ፈጥሮ ካሴቱ ሽፋን ላይ ጻፈ፤ ለባዶው ገጽም ስድስት። ውሸቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን።

"ሁለተኛው ባዶ ነው እኮ" አለች ማርታ ከበሩ።

"መብራት ጠፋብኝ ትበለው" አሉ ጋሽ ተክሌ።

ሰኞ

ካሴቱን ሰጠሁት። መብራት ጠፋ ልለው ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ሰው ስለነበር አልቻልኩም። ነገ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ

ማኅተሙ ላይ ተንፍሶ ሁለት ጊዜ መታው። ደብዳቤው እጄ ገባ። ስለ ካሴቱ ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ሌሊቱን ሙሉ ስሰማው አደርኩ" አለ።

"እንዴት አገኙት?"

"አንደኛውም ደህና ነው። ሁለተኛው ገጽ ግን ይበልጣል።"

አመሰገንኩት። ማኅተሙን ሊመልስ መሳቢያውን ሲከፍተው አየሁ። የማርታ ካሴቶች እዚያ ተደርድረዋል። እሷ ካሴት ስትሰጥ በቀይ ክር አስራ ነው። ክሮቹ እንደታሰሩ ናቸው፤ በየአንዳንዳቸው ላይ፣ የተያዘ ማስረጃ ላይ እንደሚደረገው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቁጥር ተጽፏል። የእኛው ካሴት ከላይ ነው። አሥር።

ደብዳቤውን ይዤ ቁልቁል ወደ መሥሪያ ቤቴ መውረድ ነበረብኝ። ወደ አምስት ኪሎ ወጣሁ።

ማርታ ከባንኮኒው ጀርባ ነበረች። "ወደደው?" አለች።

"ሁለተኛውን ገጽ ወዶታል።"

የያዘችውን ብልቃጥ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ስለ ክሮቹም ነገርኳት፤ ስለ ቁጥሮቹም። ምናልባት እንደ ዳንኤል አልሰማሁም ማለት የሚከብደው ሰው ይሆናል፣ አለች። ምናልባት፣ አልኩ። ሁለታችንም አላመንነውም።

"ደብተሩስ?" አለች።

"ባለፈው እሑድ ወስጄው እኔ ጋ ነው። አላቃጥለውም። ከመለስኩት በኋላ ግን ከጋሽ ተክሌ ጓዳ አይወጣም።"

"እኔስ እሑድ ልምጣ?"

"ነይ" አልኳት። መልሴ እኔኑ አስገረመኝ።

ስወጣ ከባንኮኒው ዞራ መጥታ አቀፈችኝ። መልሼ አቀፍኳት። እንደ መጀመሪያው እሑድ ይሁን አይሁን፣ እስካሁን አላወቅኩም።