የጉም ባሕር የአንድ ቀን ሽርሽርና የአንዲት ጥይት ጉዳይ

ይድረስ ለክቡር ቀኛዝማች ዳኜ፣
ለጉም ባሕር ወረዳ ገዥ፤

ባለፈው ዓርብ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ የበቅሎ ነጂው የየሻው አስከሬን ከጉም ባሕር ወጥቶ በማግስቱ ተቀበረ።

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ይዞዎት የነበረው ራስ ምታት ለቅቆዎት እንደሆነ ከልብ እጠይቃለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳዎም በጤና ቤታቸው መግባታቸውን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

ክቡርነትዎ ወደዚህ የአንድ ቀን ሽርሽር ሲጋብዙኝ፣ የመንገዱንና የባሕሩን ውበት በጋዜጣ ጽፌ ሌሎች አገር ጎብኚዎችን እንዳነሣሣ አዘውኝ ነበር። ጽሑፉ ስለ ዘገየ ይቅርታ እለምናለሁ። የዘገየውም የሟቾቹ ቁጥር ባለመሟላቱ ነው፤ አሁን የተሟላ ይመስለኛል።

ባሕሩ በእውነት ውብ ነው። ከጎንደር በሌሊት ተነሥቶ በደባርቅ መንገድ በማኪና፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት በበቅሎ የወጣ ሰው ረፋዱ ላይ ይደርሳል፤ ጧት ጧት የውኃው ዳር በውርጭ ይነጣል፤ እንግዳም ውሎ ለእራት ጎንደር ሊመለስ ይችላል። ዕቅድዎ ይኸው ነበር፣ ዕቅዱም በሚገባ የተሰናዳ ነበር። ድንኳኑ፣ ሙክቱ፣ ጠጁ፣ ሸክላ ማጫወቻው ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ከምሳ በፊት ደግሞ በዕቅዱ ወረቀት ላይ «የተኩስ ጨዋታ» የሚል ተጽፏል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። ከባሕሩ በላይና በታች ያሉት ሁለት መንደሮች በግጦሽ ምክንያት ደም ተቃብተው ኖረዋል። የታችኞቹ ሰው ፋንታሁን የላይኛዋን የወይዘሮ ሐረገወይንን የመጀመሪያ ልጅ ገድሎ ነበር። ሽማግሌው አያ በላቸው በሁለቱ መካከል ተመላልሰው ጥቅምት 1 ቀን በባሕሩ ዳር ደም እንዲደርቅ አስማሟቸው። ወጉ እንዲህ ነው። ሁለቱም ወገን ጠመንጃውን ለሽማግሌው ያስረክባል፣ ጠመንጃውም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይከመራል። ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በሟች እናት እግር ሥር ይንበረከካል፤ እናቲቱ ድንጋዩን በእጃቸው ሲያወርዱለት ደሙ ደረቀ ይባላል። ድንጋዩ ሳይወርድ ጥይት ከተሰማ፣ አንዱ ወገን ሌላውን ከድቷል ማለት ነው። ይህን በዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል፣ በዚያው ወረዳ ስምንት ዓመት የገዙት ክቡርነትዎም ያውቁታል።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቀኑን ስለ መረጡልን አመሰግናለሁ። ሕዝቡ ለዕርቅ ነጭ ለብሶ እንደሚሰበሰብ ሰምተው፣ ይህ ለእንግዳው ፎቶግራፍ ጥሩ ጌጥ ይሆናል ብለው ሽርሽሩን በዚያው ዕለት አደረጉት። ፎቶግራፉ መነሣቱን አይቻለሁ። በሥዕሉ ላይ ከቆሙት መካከል እነማን ዛሬ እንደሌሉ እንግዳዎ ለማወቅ ቢፈልጉ ስማቸውን ልልክላቸው ፈቃደኛ ነኝ።

ሁለተኛ፦ ለሰጡት ቃል አመሰግናለሁ። አያ በላቸው የሽርሽሩን ወሬ ሲሰሙ እስከ ጽሕፈት ቤትዎ በእግራቸው መጥተው፣ ጌቶች እንኳን ደህና መጡ፣ ምሳችሁንም ብሉ፣ ድንጋዩ እስኪወርድ ግን ጥይት አይሰማብን ብለው ለመኑ። እርስዎም አይተኮስም፣ ሂድና ሰዎችህን አስታርቅ ብለው እንደ ሸኟቸው ሽማግሌው ለሁለቱም መንደር ነገሩ። ጠመንጃ የተረከቡት በዚህ ቃል ነው። ላይኞቹ ለመስጠት ያመነቱ ነበርና፣ ገዥው ቃል ከሰጠ ሸጋ ነው ብለው አምጥተው ከመሩት።

ሦስተኛ፦ ለቁጥብነትዎ አመሰግናለሁ። እንግዳዎ ውኃው ላይ የምትንሳፈፍ ይብራ አይተው ጠመንጃቸውን ሲያነሡ እርስዎ ከጎናቸው ነበሩ፤ እኔም ከኋላዎ ቆሜ ነበር። ወደ ማዶ፣ ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ፣ አንድ ጊዜ አዩና ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «አንድ ብቻ ይተኩሱ» አሉ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለአያ በላቸው የሰጡትን ቃል ረስተውት ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። ነገር ግን ቃሉን የረሳ ሰው ጥይት አይቆጥብም።

ይብራዋ ሳትነካ በረረች። በማዶ ወይዘሮ ሐረገወይን ሁለት እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ተኩሱ ከገደሉ ሲያስተጋባ ለቀቁት። ወደ ሽማግሌው ዘወር ብለው «ምነው አያ በላቸው፣ ለዚህ ነው እንዴ ባዶ እጃችንን ያመጣኸን?» አሉ። ወዲያው የወይዘሮዋ ሁለተኛ ልጅ ነጋ ወደ ቅጽሩ ሮጦ ከክምሩ እጁ የደረሰበትን ጠመንጃ መዘዘ። ተመልሶም ከጉልበቱ ሊነሣ ይውተረተር የነበረውን ፋንታሁንን ጉሮሮው ላይ ተኮሰው። ጠመንጃው የፋንታሁን የራሱ ነበር። የፋንታሁን ወንድም ጌታው መሣሪያ አልነበረውምና የዕርቁን ድንጋይ ከመሬት አንሥቶ የነጋን ራስ ቀጠቀጠው፤ ፊቱ የማን እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስም አላቆመም። ወይዘሮ ሐረገወይን ከዚያው አልተነቃነቁም። የቀረው ሰው በክምሩ ላይ ተረባርቦ፣ ጠመንጃ ያገኘ በጠመንጃ፣ ያላገኘ በጥርስና በጥፍር ተያያዘ። ከቆሰሉት መካከል በኋላ ሐኪም ቤት እጃቸው የተቆረጠ አሉ።

አራተኛ፦ እንግዳዎን በሰላም ስለ መለሱ አመሰግናለሁ። የሻው፣ ከደባርቅ በኪራይ ያመጡት በቅሎ ነጂ፣ የደነበሩትን በቅሎዎች በውኃው ዳር አስተባብሮ ይዞ ነበር። ዘበኛዎ አንዷን ለእንግዳው ሊነጥቅ ሲል የሻው፣ አያ ቆይ ልጓሟን ልፍታ ቢለው፣ በሰደፍ ማጅራቱን መታውና ወደ ውኃው ጣለው። እንዲያወጣው የተመለሰ ሰው የለም። የእንግዳው ባርኔጣ ወድቆ ኖሮ፣ ለእሱ ግን ዘበኛው ተመልሷል።

አምስተኛ፦ ፍርድ ስለ ማቅለልዎ አመሰግናለሁ። ከሽርሽሩ በተመለሱ በማግስቱ አያ በላቸውን በሰንሰለት አሳስረው ወህኒ አስገቧቸው። የተከሰሱት ያለ ፈቃድ ሕዝብ ሰብስበው ደም በማፍሰስና፣ ገዥው ቃል ሰጥቶኛል ብለው በስምዎ በመዋሸት ነው። ከሳሹ እርስዎ ነዎት፣ የወረዳውን ችሎት የሚመሩትም እርስዎ ስለሆኑ ነገሩ ብዙ አያመላልስም።

ክቡርነትዎ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁና ጉዳዩን በአጭሩ ላስረዳ። የሟቾቹ ተዝካር ረቡዕ ኅዳር 10 ነው፤ የሁለቱም ወገን መቃብር በዚያው በባሕሩ ዳር ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሁለቱም መንደር በአንድ ቅጽር ይገናኛል። አያ በላቸው በባለቤታቸው በወይዘሮ እናኑ በኩል ከወህኒ ልከው፣ እስከ ተዝካሩ ማንም ጠመንጃ እንዳያነሣ፣ በዚያን ቀን እኔ መጥቼ በመካከላችሁ እቀመጣለሁ ብለው ለምነዋል። ላይኞቹም ታችኞቹም እሺ ብለዋል። ሌላ ሽማግሌ ግን አንቀበልም፣ እሳቸው ካልመጡ ወደ ተዝካሩ የምንሄደው ታጥቀን ነው ብለዋል። ወይዘሮ እናኑ የዋስትና ማመልከቻ አስገብተዋል፣ ዋስም አላጡም።

እኔም በበኩሌ ከጎንደር መጥቼ፣ በዚያ ዕለት ከኋላዎ ቆሜ የሰማሁትን በችሎትዎ ፊት በመሐላ ለመናገር ተዘጋጅቻለሁ። ምስክሩን የሚሰሙት ራስዎ ስለሆኑ፣ የተሳሳትኩት ቃል ካለ ወዲያው ሊያርሙኝ ይችላሉ።

የመንገዱን ድካም ሳያማርሩ ለእንግዳ ክብር እስከ ተራራ ጫፍ ለሚወጡት፣ በአንድ ቀን ሄደው በአንድ ቀን ለሚመለሱት፣ ከኋላቸው የሚቀረውንም ዞር ብለው በማየት ጊዜ ለማያባክኑት ክቡር ቀኛዝማች፣ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ግብዣዎን ተቀብዬ የሄድኩት

ሐብተ ማርያም ባፈና
ጎንደር፣ ኅዳር 1 ቀን 1951 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የዋስትናው ውሳኔ በችሎትዎ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ጧት እንዲነገር ተቀጥሯል። ያን ዕለት ሽርሽር ገጥሞዎት ከሰዓት በኋላ ቢያስችሉም ግድ የለም፤ የሁለቱም መንደር ሰዎች መልእክተኞቻቸውን በወህኒው በር አቁመው እስከ ማታ ድረስ እንጠብቃለን ብለዋል።