የአየለ የመጨረሻ ፈሰስ

ሰኔ 8፣ እሑድ

ስንጥቁ ትናንት አንድ ጣት ነበር፤ ዛሬ ሦስት ጣት ያስገባል። ከአማቴ ቤት በላይ ያለውን ተዳፋት ከዳር እስከ ዳር ተርትሮታል። ግራና ቀኙ ላይ ችካል ተክዬ በሲባጎ ለካሁ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፤ ሐምሌ ሲመጣ ምን ሊኮን ነው?

አማቴን፣ አባባን፣ ከዚህ ቤት ይውጡ አልኳቸው። ተወልጄበታለሁ ብለው ሳቁብኝ። ውሃም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ተማሪዎቼን ሸኝቼ እንደገና ወጣሁ። ውሃውን ስንጥቁ ውስጥ የሚጨምረው ፈሰሱ ነው፤ ገብሱ ላይ ውሃ እንዳይተኛ በበሬ የተቀደደው ቦይ። የቀደደው ባሌ አየለ ነው፣ አምና በዚህ ሰሞን። ከዚያ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወረደና ወባ ገደለው።

አባባ ዘንድሮ ሌላ ሥራ ሳይጀምሩ መጀመሪያ የጠረጉት ይህንኑ ፈሰስ ነው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ስንጥቁ ስንዝር ሊሞላ ነው። የጓዳው በር አልዘጋ ብሏል። ከቤቱ በታች ደረቅ የነበረው ቦታ ድፍርስ ውሃ ያመነጫል። ሦስቱም የመሬት መናድ ምልክቶች ናቸው።

ፈሰሱ ይደፈን አልኳቸው።

«የሱን የእጁን ሥራ አንቺ ትደፍኚ?»

ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። እውነቱን ልጻፈው፤ እሑድ ችካል ስተክል ፈሰሱን አይቼው ነበር። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ስንዝር አልፏል። ከሥራ ቀርቼ አካፋ ያዝኩ። የመጀመሪያውን አፈር ስጥል አየለን እንደገና የምቀብረው መሰለኝ። አባባ መጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ስጨርስ ዞር ብለው አዩት።

«እዚያ ጋ ላልቷል። ርገጪው።»

ረገጥኩት። ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን፣ አባባን አማኑኤል ከተማ ወደ ተከራየሁት ክፍል ይዣቸው መጣሁ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጎረቤት ደወለ። ቤቱ ቆሟል፤ ከችካሎቹ አንዱ ግን ወድቋል። ይናድ ይሁን ይቁም፣ እኔ እንጃ።

አባባ እህል አልቀምስ ብለው ዋሉ። ማምሻውን ትንሽ በሉና ተቆጡኝ። ቤቴ ሳይወድቅ በከንቱ አስወጣሽኝ፣ የልጄንም ፈሰስ በከንቱ ደፈንሽው አሉ። ይቆጡ። ያን ቀን አየለን ቆላ አትወርድም ብዬ ይዤ አስቀርቼው ቢሆን፣ እሱም እስከዛሬ እንዲህ ይቆጣኝ ነበር።