መላጣዬ ይመለስልኝ

ለተከበሩ የጸጉር ንቅለ ተከላ ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተተከለብኝ ጸጉር እንዲነቀልልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዶክተር፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎ እንዳይደክም፣ ዓይንዎ እንዳይፈዝ፣ በተለይም በሰው ግንባር ላይ መስመር በሚያሰምሩበት ሰዓት ስልክዎ እንዳይጠራ ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከቅንድቤ በላይ ካለው በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት ስምዎን ላጎድፍ አስቤ ሳይሆን፣ በግል የጻፍኳቸው ሁሉ ከእንግዳ ተቀባይዎ ጠረጴዛ አልፈው መሄድ ስላቃታቸው ነው።

በቀን ብዙ ራስ ስለሚያዩ የእኔን ላያስታውሱት ይችላሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ፤ ሥራዬ ያረፈደ ተማሪ መገሠጽና ለወላጅ ማስጠንቀቂያ መጻፍ በመሆኑ አጻጻፌ ከደረቀብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ገና በጎልማሳነቴ መግቢያ ላይ መላጣ ሆኜ ከራሴ ጋር በሰላም እኖር ነበር። የልጄ ምረቃ ዕለት ግን ፎቶ አንሺው ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት «አባት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፤ ብርሃኑ እየመለሰ አስቸገረኝ» ቢለኝና ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ቢስቅ፣ ነገሩ ከነከነኝና በነጋታው እርስዎ ዘንድ መጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያልኩ ልጆች የምመክር ሰው መሆኔን ያን ዕለት ማን ባስታወሰኝ።

ጊዜዎ ውድ እንደሆነ ስለማውቅ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ መስመሩ። የፊት ጸጉሬ የሚጀምርበትን መስመር በእስክሪብቶ ሊያሰምሩ ጎንበስ ባሉበት ቅጽበት፣ አንድ ጆሮዎን ለስልክዎ ሰጥተው «ምንም አያምዎትም» ብለው ስላረጋገጡልኝ፣ የግራ ቅንድቤ ሳላዝዘው ወደ ላይ ተነሣ። አንድ ነገር ማመን ሲያቅተኝ እንዲህ ማድረግ ከልጅነቴ የመጣ ልማድ ነው። እርስዎም ቅንድቤ እስኪወርድ ሳይጠብቁ በተሰቀለው ግንባሬ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው ወጡ፤ ረዳቶችዎም መስመሩን ተከትለው ጸጉሩን እንደ ሽንኩርት ችግኝ ደረደሩት። በኋላ ቅንድቤ ሲወርድ የግራው ጸጉሬም አብሮት ወረደ። ስለዚህ ዛሬ ጸጉሬ ቀጥ የሚለው ስጠራጠር ብቻ ነው። ጥርጣሬዬን እንዲህ በማይፋቅ ሁኔታ ስለተከሉልኝ አመሰግናለሁ፤ ለነገሩ አሞኝ ነበር።

2ኛ፦ ስለ ምክሩ። ይህንኑ ላመለክት በመጣሁ ጊዜ ትጉህ ነርስዎ «ታዲያ ቅንድብዎን ከፍ አድርገው ይያዙታ» ሲሉ ሙያዊ ምክር ለግሰውኛል። ሠርቼበታለሁ። ቀድሞ «አምፖሉ» ይሉኝ የነበሩት ተማሪዎች አሁን «መርማሪው» ይሉኛል። አሞኝ ቀረሁ የሚል መምህር ፊቴን ገና ሲያይ፣ ምንም ሳልለው የሐኪም ወረቀቱን ከኪሱ ይመዛል። ባለቤቴ ከገበያ አምሽታ ስትመጣ በር ላይ እንዲህ ሆኜ ብትደርስብኝ፣ በል የምትለውን በአፍህ ተናገረው ብላ አኩርፋ ሰነበተች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሒሳብ መምህራችን አባት ያረፉ ጊዜ የሆነው ነው። ልናጽናናው ሄደን፣ ምስኪኑ አባቱ እንዴት እንደሞቱ እያለቀሰ ሲነግረኝ፣ እኔ የግራ ቅንድቤን ሰቅዬ አዳመጥኩት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሰላምታ ነሥቶኛል፤ እውነት አለው።

3ኛ፦ ስለ ማስተካከያ ቀዶ ጥገናው። ክሊኒክዎ ግራና ቀኙ መበላለጡን ለማመን ጊዜ ቢወስድበትም፣ በመጨረሻ ማስተካከያ እንደሚሠራልኝ በታላቅ ቸርነት አሳውቆኛል። ማስተካከያው ምን እንደሆነ በጠየቅሁ ጊዜ፣ ለተከላ የሚወሰደው የማጅራቴ ጸጉር ስላለቀ ከጢሜ ተወስዶ የቀኙም ጎን ወደ ታች እንዲወርድና ከግራው እኩል እንዲሆን ነው ተባልኩ። አስተሳሰቡን አደንቃለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያስተካክሉኝ ጸጉሬና ቅንድቤ ተገናኝተው ግንባር ከሚባል ነገር እገላገል ነበር። እኔ ግን የምፈልገው የተተከለው እንዲነቀል መሆኑን ስናገር፣ እንግዳ ተቀባይዎ እኛ እንተክላለን እንጂ አንነቅልም፣ መላጣ የማድረግ አገልግሎትም የለንም ብለው ሸኙኝ።

አራተኛውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ለዚህኛው ቀልድም የለኝም።

እናቴ እህቴ ጋ ነው የምትኖረው። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ አምና ደግሞ ጆሮዋም ከዳት። የቀራት መዳፏ ነው። እህቴን በቀለበቷ፣ የልጅ ልጇን በረጃጅም ጣቶቿ፣ እኔን በራሴ ትለየናለች። በየሳምንቱ ስሄድ ተንበርክኬ ራሴን ጉልበቷ ላይ ሳስጠጋ፣ መዳፏን ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አንሸራትታ «መጣህ አባቴ?» ትለኝ ነበር። አባቴም እንደኔው መላጣ ስለነበር፣ አንዳንድ ቀን እጇ እዚያው ቆይቶ ይቀራል።

ከእርስዎ ተከላ ድኜ እሷ ዘንድ የሄድኩ ዕለት መዳፏ ጸጉሩ ላይ ሲያርፍ ደንግጣ ሰበሰበችው። እኔ ነኝ ብዬ ጮህኩ፤ የት ትስማኝ። እህቴ እጇን ይዛ ልታስረዳት ብትሞክር፣ የማታውቀው ሰው ሊዳፈራት የመጣ መስሏት ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጌ አስላጭቼም ሄጃለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ የተከሉበት ሁሉ እንደ ጠጠር ጓጉሎ ስለቀረ፣ መዳፏ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። አሁን በሄድኩ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀና ብላ ተቀምጣ «ስለጠየቁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትለኛለች። የወለደችኝ እናቴ አንቱ ትለኛለች፣ ክቡር ዶክተር። ልወጣ ስነሣ ደግሞ እጄን ይዛ «ልጄን ድንገት ካገኙት፣ እናትህ አልተቀየመችህም፣ ብቻ ና ብላሃለች ይበሉልኝ» ብላ አደራ ትለኛለች። አደራዋን ተቀብዬ በር ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው፤ ጸጉሩን ነቅለው፣ ጉብታውን አለስልሰው፣ መዳፍ የሚንሸራተትበት መላጣዬን ይመልሱልኝ። ካሣ አልጠየቅሁም፣ ክስም አላሰብኩም። ፎቶ አንሺ ወደ ኋላ በል ቢለኝ እስከ ግድግዳው እሄድለታለሁ። ብቻ እናቴ አርጅታለች፤ ልጄ ረሳኝ እንዳለች እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ።

ግራ ቅንድቤን ከፍ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ለጥበብዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ አንዳች ሳላጎድል አቀርባለሁ።

በእጅዎ የተተከልኩ፣ በእጅዎ ለመነቀል ደጅ የምጠና፣
የቀድሞው አምፖል

ታ.ክ.፦ ባለፈው ተራ ስጠብቅ፣ የቀዶ ጥገና ቆብዎን አውልቀው በኮሪደሩ ሲያልፉ አየሁዎት። እንዲያ ያለ የተዋጣለት መላጣ ከአባቴ ወዲህ አላየሁም፤ በገዛ ሙያዎ ላይ ያለዎትን እምነትም ያን ዕለት ተረዳሁ። ስለዚህ የነቀላውን ቀጠሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሰጡኝ፣ እናቴ ዘንድ እርስዎን ይዤ እሄዳለሁ። ተንበርክከው ራስዎን ጉልበቷ ላይ ያስጠጋሉ፤ እሷም ዳስሳ ልጄ መጣ ትላለች፣ ስቅስቅ ብላ አልቅሳም ትመርቅዎታለች፤ እኔም እዚያው ጎን ቆሜ አያለሁ። አይስጉ፣ ምንም አያምዎትም።